ድልድይ መሃል የተተከለው ባንክ

አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር ከነበረችበት የገበያ ኅብረት በወጣች ማግስት፣ ሰኞ ጧት፣ በባንካችን አዳራሽ ክቡር ሥራ አስኪያጁ፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ ሠራተኛው በሙሉ፣ እንዲሁም በሩን ተደግፌ የቆምኩት እኔ ጥበቃው ተገኝተን ነበር።

በባንካችን ማንኛውም ጉዳይ የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው። ቀድሞ ያቆመ ሰው እንደ ተቃዋሚ ስለሚታይ ማንም ቀድሞ አያቆምም። እኔ አፌ ዓይናፋር ቢሆንም እጄ ደፋር ነው። የመውጣታችን ጥቅም ሲነገር አንዱም ሳይገባኝ፣ ከሁሉ በኋላ ማጨብጨብ ያቆምኩት እኔ ነበርኩ።

የምጠብቀው ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ በጎረቤት አገር ያለውን ቅርንጫፋችንን ነው። የኅብረቱ አባል ሳለን እዚህ የተሰጠን ፈቃድ እዚያም ይሠራ ነበር። የሕግ ባለሙያዋ ተነሥታ፣ እኛ ስንወጣ ፈቃዱም አብሮን እንደ ወጣና ቅርንጫፉ መዘጋት እንዳለበት አስረዳች። ከዚያ በር ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

«ጌታዬ፣ ዛፉን ቆርጦ ጥላው ሥር መቀመጥ አይቻልም» አለች።

«ጥላው የራሳችን ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

አጨበጨብን።

ክቡርነታቸው መላ አላጡም። የድልድዩ እኩሌታ የእኛ ስለሆነ፣ የገንዘብ መክፈያው መስኮት መሃል ላይ፣ ድንበሩን ከሚያሳየው የቀለም መስመር በወዲህ ተተከለ። ደንበኛው በአገሩ ቆሞ እጁን ብቻ ይልካል። በመሆኑም ባንኩ ድንበር አልተሻገረም፤ የተሻገረው እጅ ነው። እኔም ከእጅ በስተቀር ሌላ የሰውነት ክፍል እንዳያልፍ ቀለሙን እንድጠብቅ ተሾምኩ። ሹመቱን በደስታ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወደ መስኮቱ ተንጠራርተው፣ «አንተ ልጅ፣ ገንዘቤን ላወጣ ነው የመጣሁት ወይስ ዓሣ ላጠምድ?» አሉኝ። እግራቸው ቀለሙን እንዳይነካ በትሕትና አሳሰብኳቸው። ደረሰኛቸውን ነፋስ ወደ ወንዙ ወሰደው፤ እሱን ፈቃድ የጠየቀው የለም።

ሳምንት ሳይሞላ የማዶው የባንክ ተቆጣጣሪ መጣና፣ እጁ ያለ ባለቤቱ ደንበኛ ሊሆን እንደማይችል ነግሮን፣ እሱም እጁን ብቻ አሻግሮ መስኮቱን አሸገው።

እንደገና ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻውን ጥበብ ገለጹ፦ ባንኩ ማዶ እንደ አዲስ ይቋቋማል፤ የማዶውን ፈቃድ ያወጣል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት እዚያ ይሆንና የወዲህኛው ቤታችን ቅርንጫፍ ይባላል። የእኔ በር ዳነ ማለት ነው። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ሌላውም እኔን እያየ ቀጠለ፤ በጭብጨባው መሃል ክቡርነታቸው ማመልከቻውን ፈረሙ። ጸጥ ሲል የሕግ ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ባንኩ የማዶ ከሆነ እዚህ የውጭ ባንክ ነው። ከኅብረቱ የወጣነው ደግሞ የውጭ ባንክ እንዳይገባብን ነው።»

«ታዲያ ፊርማዬን ሳላኖር ለምን አልተናገርሽም፣ እህቴ?»

«ተናግሬያለሁ። በጭብጨባው አልተሰማም።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

በሳምንቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ማዶ ተከፈተ። የወዲህኛው ቤት የውጭ ባንክ ነው ተብሎ ተቆለፈ። ከኅብረቱ ከወጣን ወዲህ ማዶም የውጭ አገር ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ ስለማይቀጠር፣ በእኔ በር ላይ የእነሱ ሰው ቆመ፤ እኔም ተሰናበትኩ።