ለጨዋታም ቀን ይቆረጥለት!

በየከተማው፣ በየቀበሌው፣ በየዕድሩ አንድ ቀን ቆራጭ አይጠፋም። ነገሩ ምንም ይሁን ምን «ለዚህ ቀን ይቆረጥለት!» ሳይል አይውልም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ከሆነ ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

የደባርቁ ቀን ቆራጭ ክቡር ጓድ ዳምጤ ነበሩ። ዕድሜያችን እኩል ስለሆነ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃንና፣ ዳምጤ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ይሸጥ ነበር። የዚያን ጊዜው የጎንደር አውቶቡስ ሲፈልግ ጠዋት፣ ሲፈልግ ከሰዓት ይመጣል፤ ሲያሻው ደግሞ ዳባት ላይ ጎማው ተንፍሶ በነጋታው ይገባል። ቀኑን ሙሉ «መቼ ነው የሚመጣው?» እየተባለ ሲጨቀጨቅ የሚውል ሰው ምን እንዲሆን ትጠብቃላችሁ? አውቶቡሱን መቆጣጠር ቢያቅተው የቀረውን ዓለም ሊቆጣጠር ተነሳ።

ፀጉር አስተካካዩን ይግዛውን «ለጢም ሐሙስ፣ ለፀጉር ዓርብ ቀን ይቆረጥለት» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣው። ይግዛው ሲሰለቸው እሺ አለ። አንድ ሐሙስ ታዲያ ራሱ ዳምጤ ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ ቢቀመጥ፣ ይግዛው «ዛሬ የጢም ቀን ነው፣ ጌታዬ» ብሎ አስነሳው። ተናደደ መሰላችሁ? ምን ይናደዳል! «ደንብ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ እጁን ጨብጦት፣ እንደጎፈረ ወደ ሥራው ሄደ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤልንም አልማራቸውም። «አባ፣ የንስሐ ልጆችዎ ባሻቸው ጊዜ እየመጡ ዕረፍት ነሱዎት። ለንስሐም ቀን ይቆረጥለት» አላቸው። እሳቸው ረጋ ብለው ጢማቸውን ዳሰሱና፣ «እናንተ መጀመሪያ ለኃጢአቱ ቀን ቁረጡለት፣ ልጄ። ከዚያ ለንስሐው እኔ አላንስም» አሉት። ይህንን እንኳ ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ ሲያስብበት ሰነበተ።

ነገሩ ሁሉ ድብልቅልቁ የወጣው ግን በሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። የቀበሌያችን መዝናኛ ኃላፊ የነበረው አገኘሁ ምሥራቅ ጀርመን የሚማር ወንድም ነበረው። ይህ ወንድሙ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ይልክለት ጀመር። የመጀመሪያዋ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነበረች። መስታወቷ ውስጥ አንድ ጠጉራም ነገር ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ከላይ የሚወርድ እንቁላል በቅርጫት ይቀልባል። ጠጉራሙ ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ግማሹ ጅብ ነው አለ፣ ግማሹ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው አለ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ፍረድ ተባልኩ። ጂኦግራፊን ከጭላዳ ምን እንዳገናኘው ባይገባኝም ጭላዳ ነው ብዬ ፈረድኩ።

ሁለተኛዋ፣ መኪና የምትነዳዋ፣ የመጣች ዕለት አገኘሁ ከፖስታ ቤት ቀጥታ ወደ መዝናኛው ይዟት ገባ። በአካባቢው የነበረ ተጫወተ። ወረፋ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተፈነካከቱ። ወሬ ሰምቶ ከጃናሞራ ድረስ የመጣ ሰው ሲደርስ ባትሪዋ አልቆ ጠበቀው። ሌላ ባትሪ ደግሞ እንኳን ደባርቅ ጎንደርም የለም።

ዳምጤ ጮኸ። «ለአዲስ ጨዋታ ቀን ይቆረጥለት! በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን! ፖስታ ቤት በገባች ሰዓት ሳይሆን፣ አገር ሁሉ በሚያውቀው ቀን ትውጣ። ሩቅ ያለውም ይድረሰው!»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ደመወዝ አደረግከው እንዴ?» አለው አገኘሁ። «በመጣ ዕለት ያልተጫወቱት ነገር ምን ጣዕም አለው?»

እኔ ሁለቱንም ስሰማቸው ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። በዓመት ሁለት ጨዋታ ብትመጣለት ዕድለኛ ለሆነ ከተማ የየሳምንት ቀን ምን ይሠራለታል? ዳምጤን ጠየቅኩት።

«ጨዋታው ባይመጣ ቀኑ ይመጣል» አለኝ። የመናኸሪያ ሰው መሆኑን ረስቼ ነው የጠየቅኩት።

ዳምጤ የሚፈልገው ደግሞ ቅዳሜን ነበር። ቅዳሜን ብቻ! ለምን ቅዳሜ እንደሆነ ከራሱ በቀር ደባርቅ በሙሉ ያወራዋል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ገበያነሽ ከተራራው መንደር ከጊች የምትወርደው በገበያ ቀን ነው።

ገበያነሽ ሚስቱ ነበረች። ገበጣ የሚችላት ሰው አልተወለደም፤ ዳምጤን በየማታው እያሸነፈች በሳቅ ትፈርስ ነበር። ይኸ ሰውዬ ምን ነካው፣ አንድ ቀን ተነስቶ «ለገበጣም ቀን ይቆረጥለት፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል» አላት። እሷም «እኔ በቀጠሮ ስቄ አላውቅም» አለችና ጓዟን ሰብስባ ጊች አባቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ገብሷን በበቅሎ ጭና ቅዳሜ ትመጣለች፣ ሸጣ ትመለሳለች። በመናኸሪያው በኩል አታልፍም። ዳምጤ ያሰበው፣ አዲስ ጨዋታ ቅዳሜ ቢወጣ ያቺ ጨዋታ ወዳድ ሴት ሳታይ አትሄድም ብሎ ነው። መዝናኛው በር ላይ ቆሞ ሊጠብቃት ነው። በሌላ በምንም መንገድ ፊቷን የሚያይበት ተስፋ አልነበረውም።

ሦስተኛዋ ጨዋታ ጎንደር ገባች ሲባል ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበራችን ጓድ ሻረው ቀኖቹን አንድ በአንድ ጠሩ። ሰኞ መሠረተ ትምህርት አለ፣ ወደቀ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ሰው ጾሙን እንቁላል ሲቀልብ አይውልም ተባለ። ሐሙስ የውይይት ክበብ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ስብሰባ። ቅዳሜ ሲደርስ ዳምጤ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳና ስለ ሰፊው ሕዝብ፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ እኩልነት ተናገረ።

«ቅዳሜ ከተማው በገበያተኛ ይጥለቀለቃል» አሉ ጓድ ሻረው። «ያቺን የምታክል ዕቃ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማን ይጠብቃታል?»

ድምፅ ተሰጠ። እኔ ግራ ስለገባኝ ሁለት ጊዜ እጄን አወጣሁ፤ ሁለቴም ተቆጠረልኝ። ማክሰኞ አሸነፈ። ማክሰኞን የሚጠላው ሰው ስላልተገኘ ብቻ አሸነፈ።

ዳምጤ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ማክሰኞ ከጊች ማን ይወርዳል?» አለኝ። ከጊች የሚመጣ ሰው መንገድ አድሮ ነው የሚገባው፤ ያለ ገበያ ማን ይለፋል? አንጀቴን በላው። «አይዞህ» አልኩት።

ማክሰኞ ደረሰች። ጨዋታዋ ዓሣ የምታጠምድ ነበረች። ዳምጤ ተሸንፎም ቢሆን ደንብ ደንብ ነው ብሎ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ወረፋ ያስይዛል። እንዲያው ድንገት የበሩ ጫጫታ ጸጥ አለ። ዞር ስንል ገበያነሽ በቅሎዋን ከአጥሩ ጋር እያሰረች ነው። በቅሎዋ ጀርባ ላይ ከኮርቻው በቀር ምንም አልነበረም።

ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ዳምጤ ባዶውን ኮርቻ እያየ «ገብስሽስ?» አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ!

«በማክሰኞ ገብስ ማን ይገዛኛል?»

«ታዲያ … ለምን መጣሽ?»

«አዲስ ጨዋታ ይወጣል አሉ። ቀን ቆራጩ አንተ አይደለህ?»

«እኔ የቆረጥኩት ቅዳሜን ነበር።»

«ሰምቻለሁ፤ ገበያተኞቹ ነግረውኛል» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ቅዳሜማ ቢሆን ለገብሷ መጣች ትለኝ ነበር። በል አሁን ያዛትና ስትሸነፍ ልይህ።»

ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ። እሷ ስትስቅ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ዳምጤ ጥርስ እንዳለው ያን ቀን ነው ያየሁት። ወረፋ የያዘው ሁሉ ተራውን ረስቶ እነሱን ያይ ነበር። በቅሎዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ጊች ስትመለስ የነዳት የገበያነሽ ወንድም ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማን እጁን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ጓድ ዳምጤ! «ለጨዋታ ቀን ምን ያደርግለታል? የመጣ ዕለት ይውጣ!» አገኘሁ ደግሞ ማክሰኞን ለምዶ ኖሮ «ደንብ ይከበር!» ብሎ ተቆጣ። እኔ የቱ ጋ እንደቆምኩ አሁንም አልገባኝም፤ እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ እጄን አወጣሁ።

ደባርቅን ከለቀቅኩ ቆይቷል። በሄድኩበት ሁሉ ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ቆራጭ ተነስቶ ሲጮህ ሰው ይሳለቅበታል። እኔ ግን ጉዳዩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ «ማክሰኞ ይሁን!» ብዬ እደግፈዋለሁ። ዳምጤ እየናፈቀኝ ነው።