የሰገነቱ ዳኛ እና የማላጉቲ ስንብት

ኦፔራ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ዘፋኟን ከራሷ ከዘፋኟ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለኢጣሊያዊቷ ከተማ ለፓርማ ሰዎች የደረሱን ክቡር ሲኞር ኤርሜቴ ዛናርዲ ናቸው፤ ምን በድለን እንደሆነ እንጃ።

ክቡርነታቸው አርባ ዓመት የኖሩበት ሙያ አይብ መፈተን ነው። ትልቁን ክብ አይብ በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ ያደርጉና "ውስጡ ተሰንጥቋል" ይላሉ። ሲቆረጥ ተሰንጥቆ ይገኛል። ጡረታ ሲወጡ መዶሻውን አስረክበው፣ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ቲያትር ቤቱ ሰገነት ወጡ፤ ርካሹ መቀመጫ እዚያ ነው።

የሰገነት ትኬት የሚፈልግ ሁሉ ስሙን ያስመዘግባል። ጠዋት ይጠራል፣ ቀትር ላይ ይጠራል፤ "አለሁ" ያላለ ይሰረዛል። ጠሪው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? አንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ።

"ሲኞር ኤርሜቴ፣ ጫማዬን ሳስር እኮ ነው!"

"እሰር፣ እሰር። ስምህ እንደሆነ ተሰርዟል።"

ሚስቱ ምጥ ላይ የነበረችውን የእህታቸውን ልጅም ሰርዘዋል።

ሰገነቱ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ድምፁ የተሰበረበትን ዘፋኝ፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ በፉጨት ይሸኘዋል። ፉጨቱን የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው። "ጆሮ ዘመድ የለውም" ይላሉ።

ከፉጨታቸው የተረፈች አንዲት ሴት ብቻ ናት፦ ዲርቼ ማላጉቲ። የሰፈራችን የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፤ ኦርኬስትራው በሙሉ ሲያጓራ ድምፅዋ ሰንጥቆት ያልፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ተከትለዋታል፤ ቪየና ድረስ በባቡር ቆመው ሄደዋል። ሸክላዋን ግን ቤታቸው አያስገቡም። "ኦፔራን በሸክላ መስማት ምሳን በፎቶ መብላት ነው!"

ባለፈው እሑድ ከሰዓት የስንብቷ ቀን ነበር። ድምፅዋ ደክሟል እየተባለ ከተማው ሲያንሾካሹክ ሰንብቷል። ኤርሜቴ ስም ሲጠሩ የአንዱን ሰው ስም ሁለት ጊዜ ጠሩ።

"ቢሰበርባትስ?" አልኳቸው።

የስም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ዲርቼ የምትጫወታት ንግሥት ከመሞቷ በፊት የምትዘፍነው አለ። ማላጉቲ ወደ መጨረሻዋ ከፍተኛ ድምፅ ወጣች፣ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረባት። ሙዚቃው አለቀ፤ የሚያጨበጭብ ጠፋ። ሰገነቱ በሙሉ ዞሮ ኤርሜቴን አየ። እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ፣ በቃ ጨከኑባት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ዲርቼ!" ብለው ጮኹ። "ድገሚው!"

በዚህ ቤት "ድገሚው" የሚባለው እጅግ ላማረ ዘፈን ነው። ለተሰበረ ተብሎ አያውቅም።

እሷም እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አየች። "ማነው እሱ?"

"ኤርሜቴ ነኝ! ውሃ ጠጪ፣ ልጄ፤ እኛ የምንሄድበት የለንም!"

ሳቀች። ውሃ ተሰጣት፣ ጠጣች፤ ለኦርኬስትራው መሪ በራሷ ምልክት ሰጠች። ደገመችው። ያቺ ድምፅ ሙሉዋን ወጣች፣ የሰገነቱ እንጨት ከእግራችን ሥር እስኪነዝር ድረስ ቆየች። የፓርማ ልጅ በመሆኔ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሕዝቡ ተነስቶ ሲያጨበጭብ፣ ኤርሜቴ እንባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ከሙዚቃው ትንሽ ዘግይታ ነው የገባችው።"

ሃያ ዓመት ሙሉ እኚህን ሰው ዝም የሚያሰኝልኝ ሳጣ ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ግን ትከሻቸውን አቀፍኩና "እሺ፣ ሌላስ?" አልኳቸው። "ሌላስ ምን አጠፋች? ይንገሩኝ እንጂ።"