በጠርሙስ አንገት የሚገባ ብርሃን

ብርሃን መራጭ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። በሩን ከከፈቱለት ዘው የሚል ይመስለኝ ነበር። ጉድ ያደረገችኝ ሂክማ ናት!

ሂክማ ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ የጥቁር አዝሙድ ዘይት የሚሸጡት የሐጂ ሙክታር ልጅ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይህን ለሰው ሳልናገር አልውልም። አዲስ አበባ ተምራ ጨረሰችና ለዶክትሬት ጀርመን ተቀበሏት። ሐጂ ግን፣ "የምትማሪው ነገር ካልገባኝ ወላሂ አትሄጂም!" ብለው ድርቅ አሉ።

ሐጂ ቁም ነገር የሚወስኑት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ጫታቸውን ሲይዙ ነው። እኔም ተጠራሁ። "አደራሽን ቀለል አድርጊው" እያልኩ ስወተውታት ነው የሰነበትኩት።

ጀመረች። የምታጠናው ብርሃንን በጣም ጠባብ ቦታ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለት የወርቅ ገጾች ተጠጋግተው በመካከላቸው ክፍተት አለች። ከጥበቷ የተነሳ ብርሃኑ ራሱ ይበልጣታል። ሌዘሩን ዝም ብለው ቢያበሩባት አብዛኛው ይባክናል። መሃሉ ጨለማ የሆነ ቀለበት አስመስለው ሲቀርጹት ግን ሰተት ብሎ ይገባል።

"መሃሉ ጨለማ የሆነ ብርሃን?" አሉ ሐጂ። ፊታቸው ተቀያየረ።

ልጅቷ ብድግ ብላ አንገተ ጠባብ ጠርሙስና ዘይት በትሪ አመጣች። ዘይቱን መሃል ለመሃል ስትገለብጥበት አንገቱ ታፈነና ዘይቱ ትሪው ላይ ተንዠቀዠቀ። ቀጥላ ጠርሙሱን ዘንበል አድርጋ፣ እያዞረች በአንገቱ ጠርዝ ለጠርዝ አንቆረቆረችው። ጠብታ ሳይፈስ ገባ! ከደስታዬ ብዛት ከመቀመጫዬ ዘለልኩ።

"ያ ሰላም! ገባኝ!" አሉ ሐጂ። ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ ቀጠሉ፦ "ዕድሜ ልኬን ስሠራው የኖርኩት እኮ ነው! ታዲያ ሱቄ ውስጥ ያለውን ነገር ጀርመን ድረስ ምን ያስኬድሻል?"

ክው አልኩ። ያ ሁሉ ቀለል አድርጊው ማለቴ ጉድ አፈላ።

ሂክማ ግን እውነቱን መናገር ትወዳለች። "አይ አባ፣ የጠርሙሱ ምክንያት ሌላ ነው" አለች። ዘይቱን ያገደው መውጫ ያጣ አየር ነው፤ የብርሃኑ ጉዳይ ግን የንዝረቱ አቅጣጫ ነው። ንዝረቱ ከአንዱ ወርቅ ወደ ሌላው ካልሆነ የወርቁ ኤሌክትሮኖች እንደሚገባ አይነቃነቁም። ቀለበቱ ወደ አንድ ነጥብ ሲሰበሰብ፣ የጎን ለጎኑ ንዝረት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የቁልቁሉ ይደመራል... ዓይኗ እየበራ ቀጠለች።

እኔ መሃል መንገድ ላይ ቀረሁ። ሐጂ ቅጠላቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ይሄ ላንተ ገብቶሃል?"

"ኧረ አልገባኝም" አልኩ።

"በይ እንግዲያ ሻንጣሽን አዘጋጂ" አሏት። "ለመምህርሽም ካልገባው፣ ሐረር ማን ያስተምርሻል?"

ዘመኔን ሁሉ ሳስተምር ኖሬ፣ ተማሪዬን እንደዚያን ቀን የጠቀምኳት ጊዜ የለም።