የጠዋቱ እኔ እና የከሰዓቱ እኔ

ሰው ሲያረጅ ፀጉሩ እንደሚሸብት፣ ጉልበቱም እንደሚከዳው ሁሉም ያውቃል። ሰዓቱ እንደሚቀድም ግን የሚነግራችሁ የለም። ሰውነታችን ውስጥ ተቀምጦ «አሁን ተኛ፣ አሁን ንቃ» እያለ የሚያዘንን ሰዓት ማለቴ ነው። ኮተቤ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ይህንን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ሰው በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነቃል፣ አእምሮም ጠዋት ይፈጥንና ከሰዓት ይንቀራፈፋል። ተማሪዎቼ ገለበጡት። እኔም አስተማርኩት እንጂ በራሴ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ይኸው ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዜናው ሳያልቅ አንገቴ ይወድቃል፤ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ማንም አይደርስብኝም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ልጅ ከነአባቱ ስም እጠራላችኋለሁ። ከምሳ በኋላ ግን ሌላ ሰው ነኝ። እንኳን የተማሪ ስም፣ አፍንጫዬ ላይ ያለውን መነጽር ቤቱን ገልብጬ እፈልጋለሁ።

ጉድ የሠራኝ ይሄ የከሰዓቱ ሰውዬ ነው። አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከጉርድ ሾላ ስመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ መሪውን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወስዶኛል! ትራፊክ ፖሊሱ መስኮቱን አንኳኩቶ «አባቴ፣ ደህና ነዎት?» ሲለኝ፣ «ግባ፣ ክፍት ነው» አልኩት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። አብራኝ የምትኖረው ልጄ ሰናይት፣ እሷም እዚሁ ሰፈር አስተማሪ ናት፣ የመኪናዬን ቁልፍ ቀማችኝ። «አባዬ፣ ሐኪም አይቶ አእምሮህ ደህና ነው እስኪል ድረስ አትነዳም» አለች። ተናደድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁም። ወሰን ሰፈር የሚኖር ታደሰ የሚባል የድሮ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። በየጠዋቱ እንጦጦ ወስጄ አየር የማስቀይረው በዚያች አሮጌ መኪና ነው። እኔ ካልነዳሁ እሱ ከቤት አይወጣም።

ቀጠሮዬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ሰናይት ሥራ ስለነበራት ብቻዬን ሄድኩ። እንግዲህ ይሉኝታ የሚባለውን በሽታችንን ታውቁታላችሁ። ተራዬ ሲደርስ ከዘራ የያዙ አዛውንት አየሁና «ይቅደሙ» አልኳቸው። «ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይግቡ!» «በሞቴ!» ገቡ። ቀጥሎ ልጅ ያዘለች እናት አስቀደምኩ፤ ቀጥሎ ከክፍለ ሀገር ነው የመጣሁት ያለኝን ሰው። እያስቀደምኩ፣ እየተመረቅኩ፣ የገባሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሁት። «ጥድ፣ ጃንጥላ፣ ብርቱካን። ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ» አለኝ። ሲጠይቀኝ ጃንጥላው ብቻ ቀርቶልኛል። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድወርድ ሲያዘኝም ሰማንያ ስድስት ላይ አንቀላፋሁ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጻፈ።

ሰናይት ወረቀቱን አንብባ አለቀሰች። «ልጄ፣ በጠዋት ይፈትነኝ። ያኔም ከወደቅኩ መኪናዋን ሽጪያት» አልኳት።

በሁለተኛው ቀጠሮ አብራኝ መጣች። እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛ «ዛሬ ማንንም አታስቀድምም!» እያለች ሁለት ሰዓት ላይ አስገባችኝ። ሦስቱንም ቃላት መለስኩ። ሰባት ሰባቱን እስከ ሁለት ድረስ ወረድኩት። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲለኝ «ሃያ አንድ፣ ማርያም» አልኩት፤ ልክ መሆኔን ለማወቅ ስልኩን ያወጣው እሱ ነው። ስቆ «አእምሮዎ ደህና ነው፤ ሰዓትዎ ነው የቀደመው። ከሰዓት ግን እንዳይነዱ» አለኝ። ይሄንን እኮ እኔ ነኝ ሳስተምር የኖርኩት!

ቤት እንደገባን «ቁልፌን» አልኩ። ሰናይት መሳቢያ ከፈተች፣ ቦርሳዋን ዘረገፈች፣ ቁም ሣጥኑን ፈተሸች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ወይኔ አባዬ፣ የት ነው ያደረግኩት?»

«ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የአበባ ማስቀመጫው ውስጥ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ስትደብቂው ሶፋው ላይ ነበርኩ። የተኛሁ መስሎሽ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ለምን አልወሰድከውም?»

«አንቺ እንድትሰጪኝ ፈልጌ ነዋ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። የፕላስቲክ አበባውን ነቅላ፣ ቁልፉን አውጥታ፣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

አሁን ተስማምተናል። ጠዋት ታደሰን ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ፤ እሱ የባሕር ዛፉን ሽታ ይስባል፣ እኔ የማየውን እነግረዋለሁ። ሰናይት ለምሳ ስትመጣ ቁልፉን ራሴ አስረክባታለሁ፤ እሷም የከሰዓቱ ሰውዬ እንዳያገኘው ትደብቀዋለች። በማግስቱ ጠዋት የት እንደደበቀችው የምነግራት ግን እኔ ነኝ።