የተቆጣ ፊኛ

አንዳንድ የአማርኛ ቃል ሁለት ደሞዝ ይበላል። ፊኛን ውሰዱት። የልጅ መጫወቻውም እሱ፣ ሆዳችን ውስጥ ሽንት የሚያጠራቅመውም እሱ። ይኼ ምን ችግር አለው? ትላላችሁ። ቆቦ መጥታችሁ እዩት!

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ እህል ነጋዴ ናቸው። የማሽላቸው ዘበኛ ቡሬ የሚባል ወንድ ድመት ነው። ይኼ ቡሬ ሰሞኑን እዚህ ጆንያ ላይ ሽንቱን ጠብ፣ እዚያ ጆንያ ላይ ጠብ ያደርግ ጀመር። እትዬ ዘሀራ ነደዱ። «ጥጋብ ነው! ዛሬ በባጃጅ ጭኜ ዋጃ ከተማ ነው የማስጥለው» አሉ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ስለ እንስሳት ስልኬ ላይ ያላነበብኩት የለም። «ጥጋብ አይደለም እትዬ፣ ፊኛው ተቆጥቶ ነው» አልኳቸው።

ምነው አፌን በቆረጠው!

«ማነው የተቆጣው?»

«ፊኛው።»

«ወላሂ የተቆጣሁስ እኔ ነኝ! ማሽላዬን አበላሽቶ ደግሞ እሱ ይቆጣል?»

ባላቸው ጋሽ ሰይድ ደግሞ የልጅ ልጃቸው የኢድ ፊኛ ጠፍቶባቸው ነበር። «ዋጠው በለኛ!» ብለው የድመቱን አፍ ሊፈለቅቁ ገቡ። እጃቸው ተቧጥጦ ወጡ።

ምን ላድርግ? ከስሩ ጀመርኩ። መቆጣት ማለት ማበጥ፣ መቅላት ነው፤ ቁስል ተቆጣ እንደሚባለው። ፊኛው ሲቆጣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲወጣም ያቃጥላል። ውሻንም ይይዘዋል። ውሻን ብዙ ጊዜ በጀርም ነው፤ ድመት ግን በጭንቀትም ይታመማል አልኩ።

«ምን አስጨነቀው?» አሉ እትዬ ዘሀራ። «የማዳበሪያ ዋጋ?»

ጫጫታውን ሰምቶ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ጋሽ ሰይድ ምች ነው፣ ዳማከሴ ጭመቁለት አሉ። ምች እንዳልሆነ አስረዳሁ። ጭራሽ በእንጨት መሬት ላይ ኩላሊቱን፣ ፊኛውን፣ መሽኛውን ሳልኩላቸው። አንዱ አላፊ አግዳሚ «ይቺ ባቄላ ምንድን ናት?» አለኝ። እንደገና ከኩላሊት ጀመርኩ! ይኼን ሕዝብ ምን ይሻለዋል?

ቡሬ ግን አፈሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያምጣል። አሁን፣ ገና በጠዋቱ፣ ጠብታም የለም። «ይኸው! የወንድ ድመት መሽኛ ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል። ከተደፈነ ደግሞ ገዳይ ነው» አልኩ፤ ማስረጃው በእግሩ ስለመጣልኝ ደስ እያለኝ። ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ድመቱ አንድ ጩኸት ጮኸ። እትዬ ዘሀራ ዘለው ተነሡ። በፎጣ ጠቅልለው «ያ ረቢ፣ እንዳትሞትብኝ!» እያሉ ባጃጅ አስቆሙ። እኔም ዘልዬ ገባሁ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ደጅ ላይ ግመልና ፍየል የያዘ ሁሉ ድመት ታቅፈን ስንገባ ሳቀብን። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ሆዱን ዳሰሰ፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በቀጭን ቱቦ ሽንቱን አወጣለት። ቡሬ ዓይኑን ገለጠ። እትዬ ዘሀራ «አልሀምዱሊላህ» ብለው ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ።

«ትንሽ ብትቆዩ አታገኙትም ነበር» አለ ሐኪሙ። «ሽንቱ ከቆመ ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ስድስት» አልኩ ፈጥኜ።

«መደፈኑን ያወቀ ሰው ነበር?»

«እኔ!» አልኩ በኩራት።

«ታዲያ ስድስት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

እትዬ ዘሀራ ቀደሙኝ።

«ሲያስረዳን!»