ጋሼ ቱምቢ እና የፈራው ሰፈር

መሬት ተንቀጥቅጣ ከተማ ባፈረሰች ቁጥር፣ ከፍርስራሹ መሃል ሳይማር መሐንዲስ የሆነ አንድ ሰው ብቅ ማለቱ አይቀርም። የኛ ሰፈሩ ጋሼ ቱምቢ ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከሱሪ እግር በቀር ያቃኑት ነገር አልነበረም። ከመንቀጥቀጡ ወዲህ ግን፣ ይኸው አምስት ዓመት፣ ክር ላይ የተንጠለጠለችውን የግንበኛ ቱምቢ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ግድግዳ ባዩበት ይቆማሉ፣ ክሩን ይለቃሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ይሰጣል፦

«ሰው ይዋሻል፤ ክር አይዋሽም። አፍርሰው!»

ግንበኞች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሥራቸውን በሸራ ይሸፍናሉ። ጎረቤታችን ነርሷ ሦስት ዓመት በድንኳን ኖራ የወጥ ቤቷን ግድግዳ ብታቆም፣ ክቡርነታቸው «ሁለት ጣት ዘሟል፤ ይፍረስ» ብለው ፈረዱባት። አለቀሰች፤ አፏ እንዳመጣላት ሰደበቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው መዶሻ ይዘው መጡና ሲያፈርሱላት ዋሉ። የትምህርት ቤቱ ምረቃ ዕለትማ ይባስ ብሎ፣ ባለሥልጣኑ ንግግር እያደረጉ ሳለ ጋሼ ቱምቢ ምሰሶውን በማንኪያ ቋ! ቋ! ያደርጉት ጀመር።

«ምን እየሠሩ ነው አባቴ?» አለ ጥበቃው ደንግጦ።

«እያዳመጥኩ ነው። አንተ ንግግሩን ስማ።»

እኔንም አልማሩኝም፤ አንዱን ማዕዘን ሁለቴ አስፈርሰውኛል። እንደምንም ቤቱ አለቀ። አሁን ደግሞ እናቴ አልገባም አለች። የተማረው መሐንዲስ መጥቶ ቤቱ ጠንካራ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢያነብላት፣ «ወረቀቱ ይግባበት፤ እኔ ሰማዩ ይሻለኛል» ብላ ግቢው ውስጥ ካለችው የቆርቆሮ መጠለያዋ ንቅንቅ አልል አለች። ዝናቡ እየቀረበ ነው፤ ሳሏም ብሶባታል።

ሲመጡ መንገድ ስቀይር የኖርኩት እኔ፣ ምናልባት የእሳቸውን ክር ብታምን ብዬ፣ በገዛ እግሬ ጋሼ ቱምቢን ልጠራ ሄድኩ። ቤታቸው ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። በሩ ተቆልፏል። ሰውዬው በረንዳው ጥግ፣ ሸራ ሥር አንጥፈው ነው የሚያድሩት። እንዳላየ ሆንኩ። እሳቸውም እንዳላየሁ ቆጠሩልኝ።

ተያይዘን መጣን።

«እትዬ፣ ይነሱ እንግባ» አሏት እናቴን።

«እርስዎ የራስዎ ቤት ገብተው ያውቃሉ?»

ጋሼ ቱምቢ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

«አልገባሁም። እፈራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ብቻዬን ከምፈራ፣ ከሰው ጋር ብፈራ ይሻለኛል።»

እናቴ ምርኩዟን አነሳች። «ታዲያ ምን ይገትርዎታል? ይግቡ!»

ተደጋግፈው ደፉን ተሻገሩ። ወንበሮቻቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ወዲያው በመንገዱ ከባድ መኪና አለፈና ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሁለቱም ብድግ! ተያዩ። እናቴ በሳቅ ፈረሰች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

አሁን ውስጥ ታድራለች። ነገ ደግሞ የጋሼ ቱምቢ ቤት ይከፈታል። «ብቻቸውን ሊፈሩ ነው እንዴ?» ብላ ከወዲሁ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። እኔም ወንበር ይዤ እከተላለሁ።