ዓይን ቆጣሪው ኃላፊ

በስብሰባ ሃይማኖትን ሲረግም ውሎ፣ ቢሮ ሲመለስ የቅዱሳንን የአሣሣል ሥርዓት የሚያስከብር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጅጅጋ ያሉት ኃላፊዬ እንዲህ ናቸው። አንድ ቀን ከአሮጌ የጣሊያን ቀን መቁጠሪያ ቆርጬ ከጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኩትን የጴጥሮስ ሥዕል አዩ። ጴጥሮስ ጌታውን ከካደ በኋላ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ጨለማ ውስጥ ያለቅሳል።

«በአንድ ዓይን የሚሳለው ኃጢአተኛ ነው! ቅዱስ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይህ። አውርደው፣ ጓድ፤ አለዚያ ደገሀቡር ትዛወራለህ!»

ሠዓሊው የጴጥሮስን የጥፍር እድፍ እንኳ ሳይዘል ስሎታል፤ እኔ እንዴት ላውርደው?

«ጋሼ፣ እርስዎም ከእኔ ወንበር በጎን ሲታዩ ባለ አንድ ዓይን ነዎት» አልኳቸው። «መጀመሪያ ማን ይውረድ?»

የዝውውሩ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጴጥሮስን ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ ደገሀቡርም ግድግዳ አለ።